ከፊት በር፣ ከኋላ መፈክር

ልጄ ቃልኪዳን ሰሞኑን የሳሎኑን ጠረጴዛ በስልክ ሞላችው። አሮጌ ስልክ፣ አዲስ ስልክ፣ መስታወቱ የተሰነጠቀ የወንድሟ ስልክ፣ ከጎረቤት የተዋሰችው ታብሌት፣ የራሷ ላፕቶፕ። «ምነው፣ ሱቅ ልትከፍቺ ነው?» አልኳት። ለአንድ ክሊኒክ ዌብሳይት እየሠራች ኖሯል። በላፕቶፗ ሲከፈት ሙሽራ ነው የሚመስለው። በወንድሟ ስልክ ሲከፈት ግን «ቀጠሮ ይያዙ» የሚለው ቁልፍ ሥዕል ሥር ገብቶ ጠፋ። በአሮጌው ስልክ ደግሞ ያ ሁሉ የአማርኛ ፊደል ባዶ ሣጥን ሆኖ ተደረደረ።

«ብራውዘሩ ነው እኮ አባዬ!» አለች ጭንቅላቷን ይዛ። «ገጹ ያው አንድ ነው፤ እያንዳንዱ ብራውዘር ግን እንደ ራሱ ነው የሚያነበው። እኔ ምን ላድርግ?»

ሳቄ መጣ። እሷ ተቆጣች እንጂ በእሷስ አልነበረም የሳቅኩት። የነገረችኝን ችግር እሷ ሳትወለድ፣ በደርግ ጊዜ፣ አልዩ አምባ ላይ አግኝቼዋለሁ። ኮምፒዩተር የሚባል ነገር ያኔ በዓይኔ አላየሁም፤ የነበረኝ ብሩሽ ነው። እናንተም «ይሄ ሽማግሌ ምን ይቀባጥራል» ሳትሉ ትንሽ ታገሡኝና ላጫውታችሁ።

ያኔ ጎረምሳ ነኝ። ደብረ ብርሃን፣ ወደ ደሴ የሚያልፈው አውራ ጎዳና ዳር ጠባብ ሱቅ ነበረችኝ። ሥራዬ ጽሑፍ መጻፍ ነው፤ የሆቴል ስም፣ የልብስ ስፌት ቤት ማስታወቂያ፣ ከባድ መኪና ኋላ ላይ የሚጻፍ ጥቅስ። ጉራዬንስ ተዉት! የእኔ ፊደል ጥላ አለው፣ ጅራት አለው፣ አበባ አለው። «የጌታነህን ፊደል ጨርሶ ለማንበብ ደብረ ሲና መድረስ ያስፈልጋል» ይሉ ነበር ሾፌሮቹ። እኔ ሙገሳ ነው ብዬ እወስደዋለሁ።

አንድ ጠዋት ሲስተር አልማዝ ደጃፌ ላይ ቆመች። የክትባት ነርስ ናት፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ቀልድ የማይገባት። እኩያዬ ብትሆንም «ሲስተር» ሳልል ጠርቻት አላውቅም።

«ብሩሽህን ያዝና ተከተለኝ» አለች።

«ወዴት?»

«አልዩ አምባ።»

«እዚያ ሆቴል ተከፈተ እንዴ?»

አልሳቀችም። ኩፍኝ ከቆላው ወደ ላይ እየወጣ ነው አለችኝ። ከጥቂት ሳምንት በፊት እሷና ባልደረቦቿ ለክትባት ወርደው ነበር። ከላይ ታትሞ የመጣ ፖስተር በየመንገዱ ተለጥፎ ነበር፤ ኮከብ አለበት፣ በቀይ ቀለም «ልጆቻችሁን ይዛችሁ ቅረቡ» ይላል። ጊዜው ደግሞ የአፈሳ ጊዜ ነው፤ ጎረምሳ ከገበያ መሀል ተለቅሞ ወደ ጦር ሜዳ የሚጫንበት። ሕዝቡ ከሩቅ ቀዩን አየ፣ ማንበብ የሚችል አንድ ሰው «ልጆቻችሁን አምጡ ይላል» አለ፣ አለቀ! እናት ሁሉ ጎረምሳዋንም ሕፃኗንም ሰብስባ ገደል ውስጥ ተደበቀች። ማንም ሳይመጣ መድኃኒቱን የሚያቀዘቅዘው በረዶ ቀለጠ፤ መድኃኒቱ ተበላሽቶ ተደፋ።

«አሁን የቀረን አንድ ሣጥን ነው» አለች ሲስተር። «አንኮበር በላምባ ማቀዝቀዣ ተቀምጧል። ወደ ቆላ ከወረደ በኋላ በረዶው ከአንድ ቀን አያልፍም። ይሄም ከተደፋ ክረምት ይገባል፣ መንገድ ይዘጋል። እስከዚያ ስንት ልጅ እንደሚቀበር አንተው አስበው። ሁሉም ሰው የሚያነበው ሰሌዳ ሥራልኝ።»

«ማንበብ የማይችለውስ?»

«እሱም የሚያነበው።»

እስከ አንኮበር በላንድሮቨር፣ ከዚያ በበቅሎ ወረድን። የአንኮበርን አፋፍ የቆመበት ያውቀዋል፤ ከእግርህ ሥር ምድር ያልቅና ቆላው እስከ ሰማይ ጥግ ይዘረጋል። «እዚያ ታች ጭስ የሚታይበት ሁሉ ሰው አለ» አለችኝ ሲስተር። እኔ ለአንድ ጎዳና እንጂ ለምድር ሁሉ ጽፌ አላውቅም።

አልዩ አምባ ላይ ያረፍነው ዘይነባ ግቢ ነው። ዘይነባ በርበሬና ጨው የምትቸረችር፣ ሲስተርን ከድሮ የምታውቅ ሴት ናት። በሯ ጉበን ላይ የደረቀ የወይራ ቅርንጫፍ ተንጠልጥሏል፤ ለጌጥ መሰለኝ። አንዲት ሕፃን በአንቀልባ አዝላለች፤ ልጅቱ በትከሻዋ ላይ ብቅ ብላ ቀለም የነካ ጺሜን እያየች ትስቃለች።

«እቴ ዘይነባ፣ ልጅ ስንት አለሽ?» አልኳት ለጨዋታ ያህል።

ሲስተር በክርኗ ጎሸመችኝ።

«አላህ ያውቃል» አለች ዘይነባ። «እኛ አገር ልጅ ኩፍኝ ሳያልፈው አይቆጠርም። አንድ ጊዜ ተቻኩዬ ሁለት ብዬ ነበር። ሁለቱንም በአንድ ሳምንት ወሰደብኝ። ይቺ ከዚያ ወዲህ የመጣች ናት። አልቆጠርኳትም።»

አፈር ልሁን አልኩ በሆዴ።

ወዲያው ሥራዬን ጀመርኩ። ካርቶን ላይ ንድፍ አወጣሁ፤ «የኩፍኝ ክትባት በነፃ» የሚል፣ ጥላውም ጅራቱም የተሟላለት ጽሑፍ፣ ከሥሩ ሕፃንና መርፌ። ጥላውን ትንሽ ቀይ አድርጌዋለሁ፣ ለውበት። አምሮ ነበር፣ እውነቴን ነው። ሲስተር ተቀበለችኝና ለዘይነባ ሰጠቻት።

ዘይነባ ዘቅዝቃ ያዘችው። ሕፃኑ በጭንቅላቱ ቆመ። አዟዟረች፣ ጠጋ አደረገችው።

«ይሄ ልጅ ምን አጥፍቶ ነው የታሰረው?»

«የታሰረ የት አለ?»

«ይኸው ገመዱ!» ጣቷን ያሳረፈችው የፊደሌ ጅራት ላይ ነው።

አጋሰሳችንን ይዘው የመጡት ጋሽ ይማም ግቢው በር ላይ ቆመዋል። ከቅርብ አያዩም፣ ከሩቅ ግን ንስር ናቸው። ካርቶኑን ከፍ አድርጌ አሳየኋቸው።

«ጠብመንጃ ነው» አሉ። «አፈሙዙም ልጁ ላይ ነው።»

«ጋሼ፣ መርፌ ነው እኮ!»

«አንተ ብትል ነው እንጂ እኔ የማየው አፈሙዝ ነው።»

ዓይኗ የደከመ አንዲት ጎረቤት ደግሞ ተጠግታ፣ «እኔ የሚታየኝ ቀይ ነገር ነው። ቀይ ከሆነ ይበቃኛል» ብላ ሄደች። አንድ ካርቶን ነው፤ በአንዷ ዓይን እስር ቤት፣ በአንዱ ዓይን ጠብመንጃ፣ በሌላዋ ዓይን አፈሳ ሆነ። የቃልኪዳን ስልኮች ማለት እነዚህ ናቸው።

ተናደድኩ። «ሥዕል ማየት ለማይችል ሰው ምን ልሥራ?» አልኩ።

«ማየትስ ያያሉ» አለች ሲስተር። «እነሱ ምን አይተው እንደሚገቡ፣ ምን አይተው እንደሚመለሱ እኔና አንተ አናውቅም። እሱን ፈልግ።»

ብስጭቴን ይዤ በመንደሩ ውስጥ ዞር ዞር ማለት ጀመርኩ። አንዲት ሴት ጭብጦ በመሶብ ይዛ ወደ አንድ ቤት ስትሄድ አየሁ። ደጁ ልትደርስ ስትል ቀና አለች። ጉበኑ ላይ እርጥብ የወይራ ቅርንጫፍ ተሰቅሏል። ቃል ሳትተነፍስ መሶቧን አጥሩ ሥር አስቀምጣ ተመለሰች። እየሮጥኩ ወደ ዘይነባ ሄድኩ።

«በር ላይ ወይራ ሲሰቀል ምን ማለት ነው?»

«ቤቱ ውስጥ ኩፍኝ የያዘው ልጅ አለ ማለት ነዋ። ባዳ አይገባም፣ መንገደኛ አይገባም።»

«እስላሙ ብቻ ነው የሚሰቅል?»

«እስላሙም ክርስቲያኑም። ከደጋ የመጣውም፣ ኦሮሞውም፣ አርጎባውም ያውቀዋል። በሽታው መች ሃይማኖት ይለያል?»

አገኘሁት! ሌላ ምን ልጠይቅ፣ ብሩሼን አነሣሁ። ፊደል የሚባል ነገር ተውኩ። አንድ በር፣ በሩ ላይ የወይራ ቅርንጫፍ፣ ከበሩ ፊት ልጅ ያዘለች እናት። አሁን ማንም አልተሳሳተም። ዘቅዝቃ የያዘች ሁሉ ራሷ አቃናችው። ያቺ ዓይኗ የደከመው ጎረቤት ሳትቀር «ወይራ ነው» አለች። ሲስተርን በኩራት አየኋት። ጋሽ ይማምን ማዶ ካለው ዳገት ላይ ሆነው እንዲያዩልኝ ላክኋቸውና ሰሌዳውን አቆምኩ። ጋሽ ይማም አዩና በቅሏቸውን አዙረው መሄድ ጀመሩ።

«ጋሽ ይማም! ወዴት ነው?» ብዬ ጮህኩ።

«ኩፍኝ አለበት! አልገባም!»

ሲስተር አልማዝ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «እንኳን ደስ አለህ ጌታነህ፤ ሁሉም አነበቡልህ። የጻፍከው ግን ‹ሂዱ› ብለህ ነው።»

ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። ከዚያ ነው ቀድሞ መጠየቅ የነበረበት ጥያቄ የመጣልኝ።

«እቴ ዘይነባ፣ ልጁ ሲድንስ?»

«ሲድንማ» አለች፣ «እናትየው ቅርንጫፉን ታወርደዋለች። ደፉ ላይ ትጥለውና ልጇን አዝላ ተሻግራው ትወጣለች። ያኔ ጎረቤት ይገባል። ያኔ ልጁ ይቆጠራል።» ወደ ገዛ በሯ ዞረች። «የእኔን የሚያወርድ እጅ አጣሁ። እዚያው ደረቀ።»

ጌጥ የመሰለኝ እሱ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሠራሁትን እጄ እንዴት እንደሠራው አላውቅም። ሰፊ ጣውላ በኖራ ነጭ አደረግኩ። በላዩ ላይ ከሩቅ የሚታይ አንድ ጥቁር በር፣ ወለል ብሎ የተከፈተ። ጉበኑ ባዶ ነው። ቅርንጫፉ ደፉ ላይ ወድቋል፣ አረንጓዴ። እናትየው ልጇን አዝላ ተሻግራው እየወጣች ነው። ሌላ ምንም የለም። ጅራት የለ፣ ጥላ የለ፣ አበባ የለ።

ዘይነባ ቆማ አየችው። እጇን ዘርግታ የተሣለውን ደፍ ነካችው፤ ቀለሙ ገና እርጥብ ስለነበር ጣቷ ላይ ቀረ።

«ይቺ እናት ማን ናት?»

«እኔ እንጃ። ማንም ትሁን።»

«ታድላ» አለች። ዞር ብላ ወደ ቤቷ ገባች።

«ከነገ ወዲያ ለክትባቱ ሕፃኗን ታመጫታለሽ?» አለቻት ሲስተር ከኋላዋ።

ነገሩ በዚህ አላለቀም። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር እጁን ኋላው አጣምሮ መጣ። በዚያ ዘመን ያለ እሱ ፈቃድ ሰሌዳ አይደለም፣ እንጨት አይተከልም።

«መፈክሩ የታለ?» አለ።

«ጓድ፣ ይሄ ለእናቶች…»

«መፈክር የሌለው ሰሌዳ በአደባባይ? ምን ማለትህ ነው? ኮከቡስ? አንተ ማን ነው የላከህ?»

ኮከብ ከገባበት እናቶቹ ይሸሻሉ፤ ኮከብ ካልገባበት እኔ እታሰራለሁ። ሲስተር ከንፈሯን ነክሳ ቆማለች። እግዜር ይስጠው፣ በዚያች ሰዓት ምላሴ ከብሩሼ ቀደመ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ገና አልጨረስኩም እኮ! መፈክሩ የሚጻፈው በወዲያኛው በኩል ነው። ከእርስዎ ቢሮ ሲወጡ በመጀመሪያ የሚታየው እሱ እንዲሆን ብዬ ነው።»

አሰበበት። «ትልቅ ይሁን» አለ።

«በጣም ትልቅ ነው የሚሆነው፣ ጓድ።»

ያለኝን ጥላ፣ ያለኝን ጅራት፣ ያለኝን አበባ ሁሉ እዚያ ጀርባ ላይ አራገፍኩት። ኮከቡንም የተነሣውንም ክንድ ሠራሁለት። በማግስቱ፣ በገበያው ቀን፣ ሰሌዳው መንገዶቹ የሚገናኙበት ቦታ ክትባቱ ከሚሰጥበት የጤና ክፍል ደጅ ላይ ተተከለ፤ መፈክሩ ወደ ቢሮው፣ በሩ ወደ ሕዝቡ። ገበያተኛው እየቆመ አየው። ሴቶቹ በጣታቸው እያሳዩ ተንሾካሾኩ። ተቀበሉት ወይስ ፈሩት? ፊታቸው ላይ ፈልጌ ላገኘው አልቻልኩም።

የክትባቱ ቀን ጠዋት ጋሽ ይማም ሣጥኑን በበቅሎ ጭነው ከአንኮበር አወረዱት። ጉም ምድሩን ሞልቶታል፤ ሰሌዳው ራሱ በግድ ነው የሚታየው። ሲስተር ጠረጴዛዋን ዘረጋች፣ መርፌዋን ቀቀለች፣ ተቀመጠች። ጠበቅን። ማንም የለም። ሣጥኑን ከፍታ እጇን ሰደደችና መልሳ ዘጋችው።

«እንዴት ነው?» አልኳት።

«በረዶው እየላላ ነው።»

እንደገና ጠበቅን። ጋሽ ይማም መቁጠሪያቸውን ያንቀሳቅሳሉ። የባለፈው ነገር ሊደገም ነው አልኩ። ስለ ሰሌዳዬ ያን ያህል አላዘንኩም፤ ያቺ ጺሜን እያየች የምትስቅ ሕፃን ናት ፊቴ ላይ ድቅን ያለችው።

ከዚያ ጋሽ ይማም ቀና አሉ። «ያ ረቢ» አሉ ቀስ ብለው።

ጉሙ እየተገፈፈ ነበር። ከሥሩ መንገዶቹ ወጡ፤ ከደጋው የሚወርደው፣ ከቆላው የሚወጣው፣ ከወንዙ ማዶ የሚመጣው። በመንገዶቹ ሁሉ ላይ ሴቶች አሉ። በሰልፍ፣ በጭፍራ፣ በጥንድ፣ ልጅ ያዘሉ፣ ልጅ የጎተቱ። ነጠላ የለበሰችውም፣ ሻሽ የጠመጠመችውም። ጫፋቸው አይታይም፤ ጉሙ ባፈገፈገ ቁጥር ከኋላው ሌላ ይመጣል። ጩኸት የለም፣ ጥሩምባ የለም፣ የነዳቸው ታጣቂ የለም። የጠራቸው አንድ ጥቁር በር ነው። ሰሌዳውን ተደግፌ ቆምኩ።

የመጀመሪያዋ ሴት ደረሰች። ሰሌዳውን አየች፤ ከዚያ ማንም ያልነገራትን ነገር አደረገች። በእጇ የያዘችውን የወይራ ቅርንጫፍ ሰሌዳው ሥር ጣለችና ተሻግራው ገባች። ቀጣይዋም እንዲሁ። ሦስተኛዋም። ከየመንገዱ ወይራ ቀንጥሰው ነው የመጡት! እኔ ሥዕል ሣልኩ እንጂ እንዲህ አድርጉ አላልኩም። ሥዕሉ ውስጥ ያለችው እናት ያደረገችውን ነው ሁሉም ያደረጉት። ሲስተር አንዱን ልጅ ስትወጋ፣ ልጁ ሲያለቅስ፣ እናት ስትስቅ፣ የወይራው ክምር ከፍ ከፍ ሲል ዋለ።

ሊቀመንበሩ እኩለ ቀን ላይ መጣ፤ ግን ከቢሮው በኩል አይደለም፣ ከሕዝቡ በኩል ነው። ሚስቱ ሰልፉ ውስጥ ነበረች። ሰሌዳውን አየ፣ ክምሩን አየ፣ እኔን አየ። አሁን ተያዝኩ አልኩ።

«መፈክሩ ከኋላ ነው አልክ?»

«ከኋላ ነው፣ ጓድ።»

ቆቡን አወለቀ። «ይሁን። ከኋላ ይቆይ» አለና ሚስቱ አጠገብ ሄዶ ልጁን ተቀበላት።

ፀሐይ ማዘቅዘቅ ጀመረች። ሰልፉ አለቀ፣ በረዶውም ሊያልቅ ምንም አልቀረው። ሲስተር መንገዱን አየች፤ እኔም አየሁ። ሁለታችንም አንዲት ሴት ነበር የምንፈልገው፣ ግን ስሟን የጠራ የለም።

«ልዝጋው?» አለች ሣጥኑን ይዛ።

«ትንሽ እንቆይ።»

መጣች። ዘይነባ በቀስታ ነው የምትራመደው፤ ሕፃኗ ከጀርባዋ ተኝታለች። በእጇ ያ ከጉበኗ ላይ የደረቀው ቅርንጫፍ አለ፤ በያዘችው ቁጥር ቅጠሉ ይረግፋል። እሱን ለማውረድ ነው ቀኑን ሙሉ ከራሷ ጋር ስትታገል የዋለችው። እርጥቡ ክምር ላይ አኖረችው። መጣል አይባልም፤ አስተኛችው። ተሻግራ ገባች። ልጅቱ ስትወጋ ነቅታ አገሩን በጩኸት አናወጠችው፤ ጋሽ ይማም «ማሻአላህ፣ ድምፅ አላት!» አሉ።

ዘይነባ ልጇን መልሳ አዝላ ስትወጣ እኔ ፊት ቆመች።

«አንተ ሠዓሊ፣ አንድ ነገር ጠይቀኸኝ ነበር።»

«ምን?»

«ልጅ ስንት አለሽ ብለኸኝ።» ዓይኗ ሞላ፤ ግን አላጎነበሰችም። «አንድ አለችኝ። ሰዓዳ ትባላለች።»

አለቀስኩ። ጋሽ ይማም እያዩኝ፣ ሊቀመንበሩ እያየኝ፣ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

አንባቢዎቼ፣ ደብረ ብርሃን ስመለስ ፊደሎቼ ጅራታቸውን ጣሉ። «ጌታነህን ቆላው በላው» ብለው ሾፌሮቹ ቀለዱብኝ። ይቀልዱ። ከዚያ ወዲህ ለሚያነበውም ለማያነበውም፣ ከሩቅ ለሚያየውም ለዓይነ ደካማውም ሳላሳይ የጨረስኩት ሥራ የለም። ለቃልኪዳንም ይህንኑ ነው የነገርኳት። «ስልኮቹን አትሳደቢ ልጄ፤ በእያንዳንዳቸው ጀርባ አንዲት ዘይነባ ቆማለች» አልኳት። ከዚያ ያንን ፊደሉን ወደ ሣጥን የለወጠውን አሮጌ ስልክ ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ፣ ከእሱ ጀመረች።

ዕድሜ ልኬን ጽሑፍ ጽፌ ነው የኖርኩት። ሰዎች ሲያገኙኝ «ጋሽ ጌታነህ፣ በሕይወትዎ ስንት ሰሌዳ ሠርተዋል?» ይሉኛል።

አንድ እላቸዋለሁ።